ድምፁ አለ፣ ምስሉ የለም

ወልቂጤ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኢስሀቅ፤

ያን ሁሉ የብስ አቋርጦ እስኪደርስህ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ሰላምታዬን ከልቤ ነው የላክሁልህ። እንዴት ነህ? ሥራው እንዴት ይዞሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ጠዋት ጠዋት ስጸልይ ስምህን ካለህበት አገር ጋር እጠራዋለሁ፤ ጸሎቱ መንገድ እንዳይስት ብዬ ነው።

ስልክ ላይ መጻፍ ጣቴ አልለመደውም። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ሰድጄልሃለሁ። አንተም እንደ ደብዳቤ አድርገህ ጻፍልኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ጂኦግራፊ ላስተማረች ሴት ቁርጥራጭ መልእክት አይላክም።

የጻፍኩልህ ስለ ላፕቶፕህ ነው። ወደ ደቡብ አፍሪካ ስትሄድ፣ «እትዬ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ እንዳይበላሽ አልፎ አልፎ ይክፈቱት» ብለህ አደራ ሰጥተኸኝ ነበር። አደራዬን ስወጣ አንድ ቀን ያን የጭነት መኪና ጨዋታ ከፈትኩት። እንዳትስቅብኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሹፌር ሆኛለሁ። ትናንት ከአንድ ወደብ ግንድ ጭኜ ተነሣሁ። በቀኜ ባሕር፣ በግራዬ በረዶ የለበሰ ገደል፤ መንገዱ በመካከላቸው እንደ ክር ይሄዳል። ያን ዓይነት ባሕር በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስሥለው ነው የኖርኩት። ውሃው እንዲህ ጸጥ ያለ መሆኑን ግን ለተማሪዎቼ ነግሬአቸው አላውቅም፤ እኔም አላውቅማ።

ታዲያ መድረስ አልቻልኩም። ባትሪው ሲደክም ሶኬቱ ወዳለበት ጥግ ወስጄ ቻርጀሩን እሰካለሁ። ገና ስሰካው ስክሪኑ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ቀዩ የፊደላቱ መብራትም አብሮ ይጠፋል። የሚገርመው ሞተሩ ይሰማኛል። መኪናው በጨለማው ውስጥ ይሄዳል፣ ዝናቡ መስተዋቱን ይመታል፣ እኔ ምንም አላይም። ነቅዬ ወደ ጠረጴዛዬ ስመልሰው ይበራል። ምን ላድርግ?

አክስትህ ሰገነት

*

ደቡብ አፍሪካ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰገነት፤

ሰላምና ጤና በደጅዎ አይጥፋ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ ሳቅኩ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዩኒቨርሲቲ በነበርኩበት ጊዜ ጨዋታውን «ይሄ የሕፃን ነገር» ይሉኝ የነበሩት እርስዎ ነዎት።

ላፕቶፑ ሁለት ግራፊክስ ካርድ አለው፤ ምስሉን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። በባትሪ ሲሆን ትንሹ ይሠራል፣ ቻርጀር ሲሰካ ትልቁ ይነሣል። ትልቁ ታሞ ከሆነ ስክሪኑን ሊያጨልመው ይችላል። እስቲ ከቀላሉ እንጀምር። ሰክተው ሲጨልም ፀሐይ የተሣለችበትን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ፤ ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል። ካልሆነ አጥፍተው፣ ቻርጀሩን ነቅለው፣ ማብሪያውን ትንሽ ጊዜ ተጭነው ይያዙት፤ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። እሱም እምቢ ካለ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ኮምፒውተር የሚጠግነው ሀቢቡ ጋ ይውሰዱት። የግራፊክሱን ሶፍትዌር አዲስ ይጫንልዎት፤ ሌላ ቻርጀርም ይሞክርበት።

እኔ ያለሁት ሱቅ ውስጥ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሰውን የማየው በብረት ፍርግርግ ነው። ደንበኛው በቀዳዳዋ ይከፍላል፣ እኔ ዳቦውን በቀዳዳዋ አሳልፋለሁ። ስለዚህ የነዱበትን መንገድ አይንፈጉኝ። ይጻፉልኝ። ዛፉን፣ ድልድዩን፣ ሁሉንም።

ከቡታጅራ ወሬ አለ? እናቴን በስልክ አገኛታለሁ፤ ግን እሷ «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ አታውቅም።

ልጅዎ ኢስሀቅ

*

ወልቂጤ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢስሀቅ፤

ያ ፍርግርግ ከክፉ የሚከልልህ ይሁን እንጂ ከሰው የሚለይህ አይሁን።

ያልከውን ሁሉ አደረግኩ። ፀሐይዋን ተጫንኩ፤ ምንም። ማብሪያውን ይዤ ቆየሁ፤ ምንም። ባጃጅ ተሳፍሬ ሀቢቡ ጋ ወሰድኩት። ሶፍትዌሩን አዲስ ጫነ፤ የኔንም ቻርጀር፣ የሱንም ቻርጀር ሰካበት። በርቶ ዋለ። በርቶ ነው የምልህ። «እናቴ፣ ይሄ ላፕቶፕ ካንቺም ከኔም ይሻላል፣ ጤነኛ ነው» አለኝ። ደስ ብሎኝ ይዤው መጣሁ። ቤቴ ገብቼ ሰካሁት። ጨለመ።

ለመንገዱ ግን ባትሪዋ የፈቀደችልኝን ያህል ነድቼልሃለሁ። በረጅም ድልድይ ላይ ሄድኩ፤ ከሥሩ ጉም ተኝቷል። ወንዝ ይሁን ሸለቆ አልታወቀኝም። ማዶ ያለው ከተማ መብራቱን አንድ በአንድ ያበራል። አጎትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከጎኔ ተቀምጦ «ቀስ በይ፣ ማን ይቀድምሻል?» ሲለኝ የሰማሁ መሰለኝ። ቀስ አልኩ። ከዚያ ባትሪዋ አለቀች፤ ከተማው ሳልደርስበት ቀረ። እንዲህ እየሆነ በጉዞ የቀሩብኝ ከተሞች በዝተዋል።

ከቡታጅራ ወሬ የለኝም። ታውቃለህ።

ሰገነት

*

ደቡብ አፍሪካ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰገነት፤

አላህ ዕድሜና ብርሃን ይስጥዎት። ድልድዩን አየሁት። ቀኑን ሙሉ በላዩ ስመላለስ ዋልኩ።

ሀቢቡ ጋ በርቶ ቤት የሚጨልም ከሆነ፣ ሕመሙ ከላፕቶፑ ውጭ ነው። የቤቱ ኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላል። ኃይሉ ዝቅ ከፍ የሚል ከሆነ በስታብላይዘር ይሞክሩት።

ሌላም ነገር ልጠይቅዎ፤ እንዳይቆጡኝ። ፊደልዎ ትልልቅ ሆኗል። ጥቅምት ላይ አንድ ገጽ የነበረው ደብዳቤ አሁን አራት ገጽ ነው፤ መስመሩም ይወጣል ይወርዳል። የእርስዎን ጽሕፈት አውቀዋለሁ፤ በማስመሪያ የተሰመረ ነበር። እትዬ፣ ስክሪኑ ሲጨልም የሚጨልመው ስክሪኑ ብቻ ነው? ሌላ ሰው ቤት ገብቶ አይቶታል? ዓይንዎን ተመርምረዋል? ከፈለጉ እኔም ከእንግዲህ በድምፅ እልክልዎታለሁ።

ልጅዎ ኢስሀቅ

*

ወልቂጤ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢስሀቅ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ዓይኔ ደህና ነው። ፊደሌ የሰፋው ወረቀቱ ሰፊ ስለሆነ ነው። ስታብላይዘር ከጎረቤት ተውሼ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ድምፅ አትላክ። ደብዳቤ ሲነበብ ነው ደብዳቤ የሚሆነው።

ሰገነት

*

ደቡብ አፍሪካ፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰገነት፤

ይህን ያህል ስዘገይ ያልተቀየሙኝ እንደሆነ የእርስዎ ደግነት ነው። ሱቅ ቀየርን፤ በዚህ ምክንያት ነው። አሁን ያለሁበት ሰፈር ጸጥ ያለ ነው።

በዚህ መሃል ብዙ አሰብኩ። ባለቤትዎ፣ አጎቴ ሸረፋ፣ ቡታጅራ ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ ድንገት ባረፈ ጊዜ፣ በእስልምናችን ሥርዓት መሠረት ሳይመሽ ተቀበረ። እርስዎ ከወልቂጤ ሲደርሱ አፈሩ ተመልሶ ነበር። ያን ቀን ከእናቴ ጋር ምን እንደተባባላችሁ አላውቅም። የማውቀው ከዚያ ወዲህ እርስዎ ቡታጅራን እንዳልረገጡ፣ እሷም ወልቂጤን እንዳልረገጠች ነው። ቤትዎ ሆኜ ስማር በሁለታችሁ መካከል ሰላምታ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። አሁን እኔ የለሁም።

ስለዚህ ሳላስፈቅድዎ አንድ ነገር አድርጌአለሁ። እናቴን «ሄደሽ ላፕቶፑን እዪልኝ» አልኳት። ስለ ዓይንዎ ምንም አልነገርኳትም። መጀመሪያ እምቢ አለች። ትናንት ግን ደውላ «በእምድብር በኩል ወደ ወልቂጤ የሚያሻግረው መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» አለችኝ። በር እንዳይዘጉባት።

ኢስሀቅ

*

ወልቂጤ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢስሀቅ፤

አሳዳጊህን ይባርክ እንዳልልህ አሳዳጊህ እኔም ነኝ። እናትህን ጨምሬ ይባርከን።

ሰልሚያ ቅዳሜ ከሰዓት መጣች። ግራጫ ሻርፕ ተከናንባ ደጄ ላይ ቆመች። በድምፅዋ ነው ያወቅኳት። «አትግቢ ካልሽኝ መኪናው አልሄደም፣ እመለሳለሁ» አለች። «የመጣሽው ለልጅሽ ዕቃ ነው፣ ግቢ» አልኳት። ገባች። እሷ ረመዳን ላይ፣ እኔ ሁዳዴ ላይ። አንዳችን ለሌላችን የምናቀርበው የለም። ሰው የሚበላውና የሚጠጣው ሲኖር ዝምታውን በሱ ይሸፍነዋል፤ እኛ መሸፈኛ አጥተን ተቀመጥን። የበርበሬው ዋጋ እንዴት ነው አልኳት። ወርዷል አለች። ዝናቡስ አልኳት። ገና ነው አለች። አለቀ።

«የታለ ይሄ የሚጨልመው?» አለችኝ በመጨረሻ።

ጨዋታውን ከፍቼ ጥጉ ላይ ሰካሁና የሚጨልመውን አሳየኋት። ሄዳ አጠገቡ ቆመች። ላፕቶፑ ሲሰካ የሚቀመጠው በሸረፋ ስፒከር ላይ ነው። አጎትህ ለሠርግ ሲያከራያቸው ከነበሩት አንዱ፣ ትልቁ ጥቁር ሣጥን። ሌሎቹን ሸጫለሁ፤ ይሄን መሸጥ አልሆነልኝም። ጨርቅ አልብሼ ሶኬቱ አጠገብ አቆምኩት፤ እንደ ጠረጴዛ ያገለግለኛል።

«ይሄ የወንድሜ ነው?» አለች።

«ነው» አልኳት።

ላፕቶፑን ከነሽቦው አንስታ በአንድ ክንዷ አቀፈችው። በሌላው እጇ ጨርቁን ገፋ አድርጋ ሣጥኑን ትዳብሰው ጀመር፤ የልጅ ጀርባ እንደሚዳበስ። ያኔ ብርሃን መጣ። ከደረቷ ላይ፣ ከክንዷ መካከል። በረዶው፣ ባሕሩ፣ መንገዱ ሁሉ ፊቷ ላይ በራ።

«ሰገነት፣ ይሄ በርቷል» አለች።

«ሽቦው ወልቆ ነው።»

«አልወለቀም። ይኸው።»

መልሳ ሣጥኑ ላይ አስቀመጠችው፤ ጨለመ። አነሣችው፤ በራ። ደግማ አስቀመጠችው። «ወላሂ ሸረፋ ነው የሚያጠፋብሽ። ነጂ መሆንሽን አልወደደውም» አለች። ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ሳቁ መቼ ወደ ልቅሶ እንደዞረ አላውቅም፤ ሁለታችንም ስፒከሩን ተደግፈን አለቀስን።

«ጠብቀንሽ ነበር» አለችኝ። «አስፋልቱ ላይ ሰው አቁሜ ነበር። እኔ ራሴ ሁለቴ ወጥቼ አይቻለሁ። ፀሐይዋ ናት ያልጠበቀችን።»

ይህን እስከ ዛሬ የነገረኝ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። እጇን ያዝኩ።

ጀንበር ስትጠልቅ ተምሯን አውጥታ ሰጠችኝ፤ አብረን አፈጠርን። ሻይ ልቅዳላት ብዬ ብርጭቆዋን አቀረብኩ። ስቀዳ እጄን በቀስታ ያዘችና ወደ ጎን አመጣችው። «ብርጭቆው እዚህ ነው» አለች። ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈስሷል። ጠረጴዛውን ጠርጋ ራሷ ቀዳች። ቆይታ፣ «የልጄን ደብዳቤ በምን ነው የምታነቢው?» አለችኝ።

በዚያ ላፕቶፕ ነው የማነበው፤ ሀቢቡ ቴሌግራሙን እሱ ላይ ከፍቶልኛል። ፊደሉን አሰፋዋለሁ፣ አሰፋዋለሁ፣ አንድ ቃል ስክሪኑን እስኪሞላው። የስልኬን ፊደል ካየሁ ቆይቷል። ለዚህ ነው ሲጨልም የሚጨንቀኝ የነበረው። መንገዱማ ባይደረስስ።

እናትህ አደረች። ዛሬ ጠዋት ሄደች።

ሰገነት

*

ደቡብ አፍሪካ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰገነት፤

ሰላም ለቤትዎ፣ ሰላም ለዚያ ጥግ።

ነገሩ ገባኝ። ስፒከር ውስጥ ከባድ ማግኔት አለ። ላፕቶፕ ደግሞ ክዳኑ መዘጋቱን የሚያውቀው በማግኔት ነው። ስፒከሩ ላይ ሲቀመጥ የዘጉት ይመስለውና ስክሪኑን ያጠፋል። እኔ ደግሞ ተማሪ እያለሁ ቻርጅ ላይ ከሆነ ክዳኑ ቢዘጋም ሥራውን እንዳያቆም አድርጌ አስተካክዬው ነበር። ሞተሩ በጨለማ ውስጥ ይሰማዎት የነበረው ለዚህ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ይነዳ ነበር። ሌላ ቦታ ያስቀምጡት፤ ድኗል።

የእርስዎን ግን እኔ ከዚህ ሆኜ ላድነው አልችልም። ቡታጅራ ጥሩ የዓይን ሕክምና አለ። የእናቴ ቤት ከዚያ ሩቅ አይደለም። እትዬ፣ ከዚህ በላይ መለመን አላውቅም።

ኢስሀቅ

*

ቡታጅራ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢስሀቅ፤

ከእናትህ በረንዳ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልህ። ፊደሌን ተመልከት፤ ወደ ቀድሞው ተመልሷል። የደረሰህ አንድ ገጽ ነው።

ሰልሚያ ራሷ መጥታ ወሰደችኝ። ተራራውን ስንሻገር ሁሉም ነገር ነጭ ሆነብኝ። «ይሄው፣ ጨርሶ ጠፋ፣ ረፈደ» አልኳት። «ኧረ ዝም በይ፣ ይሄስ እውነተኛ ጉም ነው፤ ሹፌሩም አላየም» አለችኝ። መኪናው ሙሉ ሳቀብኝ። ጉሙ ሲገለጥ የእንሰቱ አረንጓዴ ከታች እንደ ሐይቅ ተኝቶ ነበር ይላሉ፤ እኔ ገና አላየሁትም።

ሐኪሙ «ሞራ ነው፣ ይገፈፋል» አለኝ። ለጊዜው አንዱ ዓይኔ ተሠራ። ፋሻው በተነሣ ጊዜ የመጀመሪያው ነገር የእናትህ ሻርፕ ነበር። ግራጫ ነው ብዬህ ነበር። ሰማያዊ ነው ልጄ። እንዲህ ያለ ሰማያዊ መኖሩን ረስቼው ነበር። በየት ሄዶ እንደነበረ እንጃ፤ ሰማዩም ላይ አለ፣ በሩም ላይ አለ፣ የባጃጁም ጣሪያ ላይ አለ። እናትህ «ስትኮረኩሪኝ የዋልሽው ለሻርፑ ነው?» ትለኛለች፤ እየነካሁት ስለምውል ነው።

ላፕቶፑን ይዤው መጥቼ ነበር። ከፍቼ መንገዴን ቀጠልኩ፤ ባትሪም ሳያግደኝ ከተማው ደረስኩ። ከዚያ ቆም ብዬ አየሁት። ዛፎቹ ሥዕል ናቸው። ጠፍጣፋ ናቸው፤ መኪናዬ ሲያልፍ ይዞራሉ። ባሕሩም ያው አንዱ ማዕበል ነው የሚመላለሰው። ደመናማው ዓይኔ ነው ያሳመረልኝ። አላዘንኩም። ዘጋሁትና ከእናትህ ጋር ወደ አጎትህ መቃብር ሄድኩ። ሣር በቅሎበታል፤ ሣሩን አንድ በአንድ አየሁት። ብዙ ቆየን። ሰልሚያ ዱዓ አደረገች፣ እኔም የኔን ጸለይኩ፤ ሁለቱም ደርሶታል ብዬ አምናለሁ።

አሁን የምነግርህ ለአንተ ብቻ ነው።

እናትህ ለዒድ የላክህላትን ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ። አዲሱ ሱቅ በር ላይ ቆመሃል። እሷ «ወፍሯል፣ ተመስገን» አለች። እኔ ስልኩን ተቀብዬ ፎቶውን አሰፋሁት፤ የለመድኩት ነገር ነው። ኮፍያህን ወደ ግራ ዝቅ አድርገኸዋል። ከሥሩ ከቅንድብህ እስከ ጆሮህ የሚሄድ መስመር አለ። ገና ቀይ ነው። ግራ እጅህን ከኋላህ ይዘኸዋል። ለእናትህ «አዎ ወፍሯል» ብዬ መለስኩላት።

አንተ ከዚያ ሆነህ የፊደሌን መስፋት አይተህ ጠየቅከኝ፤ እኔም ተቆጣሁህ። አንተም ተቆጣ፤ እኔ ግን እጠይቃለሁ። ሳትጽፍልኝ የቆየህበትን ያን ሁለት ወር ምን ሆነህ ነው? ገንዘብ አትላክ፣ ዕቃ አትላክ። ከቻልክ ና።

እትዬህ ሰገነት

*

ደቡብ አፍሪካ፣ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰገነት፤

ለዓይንዎ ብርሃን አላህ ምስጋና ይድረሰው።

ደብዳቤዎን ባንኮኒው ላይ አነበብኩት። ደንበኛ በቀዳዳዋ ሲጠራኝ አልሰማሁም። ሱቁን ወደን አልቀየርንም፤ ዘረፉን፣ አቃጠሉትም። አብሮኝ የሚሠራው ሙባሪክ ነው ጎትቶ ያወጣኝ። እጄ ድኗል፤ ሁለቱ ጣቶቼ ግን አይታጠፉም። ለእናቴ ፊት ለፊት ሆኜ ራሴ እነግራታለሁ፤ በስልክ አልችልም።

የመመለሻ ወረቀቴን ጨርሻለሁ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ እገባለሁ። እዚህ ያሉት ልጆች «ባዶ እጅህን ትመለሳለህ?» ይሉኛል። እሱን እያሰብኩ ነበር የቆየሁት።

አንድ ነገር ብቻ ቸግሮኛል። ዓለም ገና ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ቡታጅራ፣ አንዱ ወደ ወልቂጤ። በየትኛው ልምጣ? በአንዱ ብመጣ ሌላኛችሁ እንዳትቀየሙ።

ልጅዎ ኢስሀቅ

*

ቡታጅራ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጃችን ለኢስሀቅ፤

እናትህ አጠገቤ ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥሳለች፤ መምጣትህን ብቻ ነግሬአታለሁ። መንገዱን ጠይቀሃል ስላት እጇን ሳታቆም፣ «ደክሞት አይደለም ወይ የሚመጣው? መጀመሪያ የተነሣው መኪና ላይ ይውጣ» አለች።

እኔም የምለው እሱኑ ነው። በየትኛውም ና። ዓለም ገና ስትደርስ ደውልና የያዝከውን መንገድ ንገረን፤ ሁለታችንም መንገዱ መጨረሻ ላይ አብረን እንጠብቅሃለን።

ሰገነትና ሰልሚያ